ድንጋይ የቀቀልንበት የአረቄ ድስት

ትናንት ጠዋት መሳይ፣ የእህቴ ልጅ፣ ድንጋይ በፌስታል ይዞ ሱቄ መጣ። ጠቆር ያለ፣ እንደ ቂጣ የተነባበረ ድንጋይ ነው። ላይተር ሲለኩስበት... ነደደ! ሽታው የጎማ ነው።

«ጋሼ፣ ውስጡ ነዳጅ አለው። ጓደኛዬ ወሎ ውስጥ ቦታውን አግኝቶታል። ሸማ ተራ ያለውን ሱቄን ሸጬ አብሬው ልገባ ነው።»

«ሚስትህ ሰምታለች?»

«ሲፈስ ታየው የለ!»

ያ የጋቢ ሱቅ የሦስት ልጆች ጉሮሮ ነው። ተው ብለው ደግሞ እንደሚብስበት አውቃለሁ። ስለዚህ ተንኮሌ መጣ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ እናውጣዋ!»

አማኑኤል ሰፈር አረቄ የሚያወጡትን እትዬ በለጡን ድስትና ቱቦ ተዋስኳቸው። ለምን እንደሆነ... አልነገርኳቸውም።

ምን አለሽ ተራ፣ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወዳጄ ዘንድ ድንጋዩን ከስክሰን ድስቱን ሞላን። ክዳኑን በጭቃ መረግን፤ ቱቦውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳለፍን። ወናፉን ለመሳይ ሰጠሁት።

«መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ቀመስኩት... ውኃ ነው።

«ንፋ» አልኩት።

አንድ ጆንያ ከሰል አለቀ። ሁለተኛውን ከፈትን። ማቀዝቀዣውን ውኃ ስንቀያይር ዋልን። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ነገር ጠብ... ጠብ አለ። ተጠራቅሞ ግማሽ ሲኒ! ድስቱን ስንከፍተው ድንጋዩ እንደ ሞላ ቁጭ ብሏል።

«በብዛት ሲሆን ይረክሳል» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ልክ ነህ፣ በፋብሪካ ከዚህ የተሻለ ይወጣል። ፋብሪካውን ግን በአንድ ጋቢ ሱቅ ዋጋ ትተክለዋለህ? ውኃውን ከየት ታመጣለህ? የተቃጠለውን የድንጋይ ተራራስ ሚስትህ ጓዳ ልትደፋው ነው?»

ሲኒዋን ትክ ብሎ አያት።

«ጋሼ... ከሰል መሸጥ ሳይሻል አይቀርም።»

እዚያው ቆሞ ደላላው ጋ ደወለ። «ተወው፣ ሱቁ አይሸጥም።»

እኔ እየሳቅኩ ድስቱን በአመድና በሎሚ ፈትጌ ልመልስ ሄድኩ። እትዬ በለጡ ክዳኑን ገና ከፈት ሲያደርጉት ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ሰውዬ! ጎማ ነው የቀቀልክበት?»

«ድንጋይ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ድንጋይህን ጠጣበት! ለእኔ አዲስ ታመጣለህ።»

አመጣሁ። ይኸው ከዘመዶቼ ሁሉ በድንጋይ ነዳጅ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።