ሦስት ገዝቶ ሁለት የሚመልሰው ስቱሬ

ስቱሬ ከመደብር ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። አርባ ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ አርብ አርብ ረፋዱ ላይ በረዶ በሚበዛበት በሰሜኑ አገር ቦልኔስ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳር ወዳለው ትልቅ መደብር ይሄዳል። ቤት የሚፈልገው፣ መኪና የሚፈልገው፣ ገመድና ባትሪ መነካካት የሚወድ ሰው የሚፈልገው ሁሉ እዚያ አንድ ጣሪያ ሥር አለ። ፊውዙ፣ የመስታወት መጥረጊያው፣ የበር ማጠፊያው፣ የሩዝ ፍሬ የምታክለው የሬዲዮ ዕቃ። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ቢኖር አይከፋም።» በዚያ አገር ጋራዥ ኖሮት ይህን የማይል ወንድ የለም።

ስቱሬ ግን የራሱም ደንብ ነበረው። አንድ የሚያስፈልገውን ሦስት ይገዛል፤ ቤቱ ወስዶ ይሞክርና ሁለቱን ይመልሳል። መደብሩም ደረሰኙ እስካለ ድረስ ሳያጉረመርም ይቀበለዋል። ሚስቱ ጉድሩን፣ «እኔንም ያስቀረኸኝ የመመለሻው ቀን አልፎብህ ነው» ትለው ነበር። ጉድሩን ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ስቱሬ አሁንም ሦስት ይገዛል።

በዚያ መኸር ወደ ኋላ ሲነዳ የጎረቤቱን አጥር ሁለቴ ገጨ። ለሦስተኛው አልጠበቀም። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ የነበረውን፣ ጭስ ሲሸተው የሚጮኸውን የጭስ ደወል አወረደና በካቻቪቴ ፈታው፤ የምትጮኸዋን ክብ ቁራጭ አውጥቶ መኪናው ላይ በየዳት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ጀመር። አጥሩም ተረፈ። ደወሉ ግን ድዳ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር ሲያልቅ፣ ከገና በፊት በየመስኮቱ ሻማ የሚበራበት የአድቬንት ሰሞን ሲደርስ፣ ቤት ያለው ሁሉ የጭስ ደወሉን ተጭኖ ይሞክራል። ስቱሬም እንደ ደንቡ ሦስት አዲስ ደወል ገዛ፤ አንዱን ለኮሪደሩ፣ ሁለቱን ምናልባት ለፎቁና ለምድር ቤቱ። የገዛውን ዕቃ ሳይከፍት የማያድር ሰው ነውና ሦስቱንም ከካርቶናቸው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከድዳው አጠገብ ደረደረና ሆዳቸውን አየ። አንዱን ኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ ሲጫነው ጮኸ። የፎቁና የምድር ቤቱ አሮጌዎች ሲጫናቸው ስለ ጮኹ፣ የተረፉትን ሁለቱን መልሶ አሽጎ አርብ ዕለት ለመደብሩ አስረከበ።

ቅዳሜ ጧት ድዳውን ደወል ሊጥል የኤሌክትሪክ ቆሻሻ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ወሰደው። ሳጥኑ ውስጥ ከመክተቱ በፊት፣ እንዲያው የእጅ ልማድ ሆኖበት፣ ቁልፉን ተጫነው።

ደወሉ ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ።

ስቱሬ እንደያዘው ቆመ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ነጫጭ ዕቃዎች ተደርድረው ታዩት። አዲሱን አስቀርቶ፣ ምላሱ የተቆረጠውን በአዲስ ካርቶን አሽጎ መልሷል። የሚገዛው ሰው ነገ ሻማውን ያበራል፤ ደወሉን ተማምኖም ይተኛል።

መደብሩ ሲገባ ሻጭዋ ፍሪዳ ከባንኮኒው ጀርባ አየችው።

«ስቱሬ፣ ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው። ቀን ተምታታብህ?»

«ትናንት የመለስኳቸው የጭስ ደወሎች የት አሉ?»

«መደርደሪያው ላይ። ናፈቁህ እንዴ?»

«አንዱ ድዳ ነው። ያደረግኩትም እኔ ነኝ።»

ፍሪዳ ሳቋን ዋጠችና ተከተለችው። የተከፈተ ካርቶን አንድ ብቻ ነበር የቀረው። ስቱሬ አውጥቶ ሲጫነው ደወሉ ጮኸ፤ በር አጠገብ ቋሊማ በዳቦ ይበላ የነበረ ሰውዬ ሰናፍጩን ሱሪው ላይ አፈሰሰ።

«ይሄ ደህና ነው» አለ ስቱሬ፤ ድምፁ ደክሞ።

«እንግዲያ ድዳውን የወሰዱት መምህርት ቲራ ናቸው» አለች ፍሪዳ። «ከአንድ ሰዓት በፊት። በዚያች በበረዶ ላይ በሚገፏት ወንበራቸው ጭነው ሄዱ።»

«ሌላ ምን ገዙ?»

«ሻማ። ሁለት ሙሉ ካርቶን።»

መምህርት ቲራን የማያውቅ የለም፤ ስቱሬንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከእንጨት በተሠራው አሮጌ ቤታቸው በየመስኮቱ እውነተኛ ሻማ ያበራሉ፤ የአምፖሉን «የሞተ መብራት» ይሉታል። ፍሪዳ ስልክ ደወለች። አልተነሳም።

«እጅህ ላይ ያለው የሳቸው ነው» አለችው። «በል ሂድ።»

ስቱሬ ቤታቸው ደርሶ በሩን ቢያንኳኳ ዝም። መስኮቱን ሲመታ ጊዜ መምህርት ቲራ መጥተው ከፈቱለት።

«መምህርት፣ እኔ ስቱሬ ነኝ።»

«ማን እንደ ሆንክ ጠፍቶኝ ነው? ጮክ በል ብቻ። ጆሮዬ ዛሬ ሞቷል።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደወሉ ከነመመሪያ ወረቀቱ ተቀምጧል። አጠገቡ የታሸገ ደብዳቤ አለ።

«ሰባት ጊዜ ተጫንኩት» አሉ መምህርት ቲራ፣ እየተቀመጡ። «ጩኸቱ የተኛ ይቀሰቅሳል ይላል ወረቀቱ። እኔ ግን ምንም አልሰማሁም። መድከሙን አውቅ ነበር፤ እንዲህ ጭልጥ ብሎ መሄዱን ግን አላወቅኩም።» ደብዳቤውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ነው። ነገ እንዳይጠብቁኝ ብዬ። ሃምሳ አንድ ዓመት ዘምሬያለሁ፤ ይበቃል። የማይሰማ ሰው የሌላውንም ዜማ ያበላሻል።»

ይህን ያሉት ስለ ገበያ ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ዓይናቸው ግን ቀልቷል። ስቱሬ አዲሱን በዝምታ ሰቅሎ፣ «ባትሪው ተንሸራቶ ነበር» ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወሬው እስከ ገና ይዘልቃል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህርት፣ ጥፋቱ የጆሮዎ አይደለም። የእኔ ነው።»

ድዳውን ፈትቶ ባዶውን ቦታ አሳያቸውና ከአጥሩ ጀምሮ ሁሉንም ነገራቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ስቱሬ፣ ወረቀትህን ከማስረከብህ በፊት መልሰህ እይ ብዬህ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሁለት።»

«በስድሳ ሦስትም ብለውኛል።»

«ልታጽናናኝ ብለህ እንዳይሆን ብቻ። ያንን ስቀለውና አሰማኝ።»

ወንበር ላይ ወጣ፤ ሁለት ቪቴ አጠበቀና ተጫነ። መምህርት ቲራ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሥር ቆመዋል። ጩኸቱ ቤቱን ሲሞላው ትከሻቸው ዝቅ አለ፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከሙትን ያወረዱ ይመስል።

«ምን ዓይነት አስቀያሚ ድምፅ ነው» አሉ፤ ሳቁ። ደብዳቤውን አንስተው ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። «አትውረድ። እስከ የት እንደምሰማ ልወቅ። ተጫነው።»

ተጫነው። ከመኝታ ቤት፣ «ይሰማል!» አሉ። ተጫነው። ከበረንዳው ጮኸው መለሱ። ቀጥሎ ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ግቢው ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል በረዶውን እየረገጡ ሲሄዱ ያያቸዋል። ክንዱ ዝሏል፤ የጎረቤት ውሻ ያላዝናል። በእያንዳንዱ ጩኸት መምህርት ቲራ ዞር ይሉና እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ መልሰውም ጥቂት እርምጃ ይርቃሉ። የፖስታ ሳጥኑን አለፉ። መንገዱ ላይ ወጡ። ስቱሬ ወንበሩ ላይ እንደቆመ እጁን ቀየረና እንደገና ተጫነ።