ፀሐይ ላይ የዋለ ጠበል

ባለፈው ሰሞን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ብርድ ይዞት መዳፉን ከመዳፉ ጋር ያፋትግ ጀመር፣ ያ ደረቅ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ መውረጃዬን ረስቼ አለፍኩ። እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ድምፅ እሱ ነበር። እናቴም እኔም እህቴን ከመንካታችን በፊት እጃችንን እንዲህ አፋትገን እናሞቅ ነበር፤ ቀዝቃዛ እጅ ሲነካት መላ ሰውነቷ ደንግጦ እንደ እንጨት ይደርቅ ነበርና።

እህቴ ሰሎሜ ታላቄ ነበረች። ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቶ፣ እግሮቿ እርስ በርስ እየተቆላለፉ ነው ያደገችው። ቃል በግድ ነበር የሚወጣላት፣ ግን የፈለገችውን ታወጣው ነበር። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ እጄ ቶሎ ስለማይሞቅ «በረዶ መጣ» ትልና ቀድማ ትስቅ ነበር።

አባታችንን አላስታውሰውም። እናቴ ከወሎ መጥታ መቀሌ የቀረች ሴት ናት፣ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር አደይ ምሕረት የሚባሉ ሴትዮ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ማሸቱን ያስተማረን ሆስፒታል የሚሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የሰሎሜን ጭን የሰሊጥ ዘይት ቀብቶ መዳፉን ከዳሌዋ ወደ ጉልበቷ ቀስ እያደረገ ያወርድና፣ ጡንቻው አልለቅ ሲለው እጁን እዚያው አሳርፎ ይጠብቅ ነበር። እናቴ ወጌሻ ሲያሽ ያየችውን ይዛ ጫን ስትል፣ «አትግፊው እትዬ፣ ከገፋሽው ይገፋሻል» ይላታል። ዳሌዋ ካልተፈታ መቀመጥ አትችልም፣ ተኝታ ከበላች ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባዋ ይገባል ብሎ ነገረን። ከዚያ በኋላ የእኛ ቤት ጉዳይ ሁሉ ይኸው ሆነ፣ ሰሎሜ ቁጭ ብላ እንድትበላ።

እናቴ ግን ጠበሉንም አትተውም ነበር። በጥቅምት ያ የመቀሌ ንፋስ ሲነሳ እንኳ ጀሪካን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ተሸክማ ትመጣና፣ አሽተን እንደጨረስን ታፈስባታለች፤ ያን ያህል የለፋንበት እግር በአንዴ ተመልሶ ይቆለፋል። እንደገና እንጀምራለን፣ ገንፎውም ይቀዘቅዛል። ባለሙያው ይህን ሲሰማ «እኔም እጠመቃለሁ፣ ለእሷ ግን ለብ አድርጊላት» አላት። እናቴ ጠበል እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ ብላ አኮረፈችው።

በጋው ሲገፋ ግን ራሷ መላ አገኘች። ከሌላው ውኃ እንዳይቀላቀል የጀሪካኑ እጀታ ላይ ማተብ አሰረችበት፣ ጠዋት ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጣው ትሄድና ከሥራ ስትመለስ ታጠምቃት ጀመር።

«ዋይ ጓለይ፣ ጀሪካኑንም ክርስትና አነሳሽው?» አሉ አደይ ምሕረት፤ ጓለይ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እንዳይነኩብኝ ነው አደይ፣ እርስዎ ልብስ ያጥቡበታል።»

«እሳትስ አይሆንም አልሽ፣ ፀሐይዋ ምንድን ናት?»

«ፀሐይን እኔ አላነደድኳት» አለች እናቴ። ሰሎሜ በሳቅ ትን አላት።

በዚያ በጋ አናጢ በሠራላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትበላ ነበር። ሲያሰኛት ገንፎውን ፊቴ ላይ ትተፋብኝ ነበር፣ ሆን ብላ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሆስፒታል መመላለሱ ቀረ፣ ዘይቱም ጠፋ፣ የቀረን እጃችን ብቻ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልችልም። እናቴ እያሸች ታንቀላፋ ነበር፤ ሰሎሜ በዐይኗ እያሳየችኝ «ተኛች» ስትለኝ፣ እኔም እጄን አፋትጌ እተካ ነበር። እኔም የተኛሁበት ቀን አለ።

ተኩሱ ከቆመ በኋላ የመጣው ክረምት ፀሐይ የሌለበት ነበር። ሐምሌን ሙሉ ጀሪካኑ ውጭ ውሎ እንደቀዘቀዘ ይገባ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ማንንም ሳታናግር ጠበሉን በድስት አድርጋ ከሰል ላይ ጣደችው፣ ለብ እስኪል ድረስም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ስታፈስባት ሰሎሜ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲያ ሆነ። በፍልሰታ ጾም ሳል ጀመራት፣ ሳንባዋ ነው ተባልን፣ ሆስፒታል አስተኝተዋት... ሳትመለስ ቀረች።

እናቴ ለንስሐ አባታችን የነገረችው ከአርባዋ በኋላ ነው።

«አባ፣ ጠበሉን እሳት ላይ ጥጄዋለሁ።»

አባ «ስታፈሽባት ታለቅስ ነበር?» አሏት።

«አይ፣ ትስቅ ነበር።»

«እንግዲያ ምን ልበልሽ ልጄ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። ተሳለመች፣ ፊቷ ግን አልተፈታም። እሳቱ ሳይሆን ሳሉ ነው የወሰዳት ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ «አውቃለሁ» ትለኛለች፣ ደግማም ታነሳዋለች።

እናቴ ሓወልቲ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ሰሎሜ እያለች በሰዓቱ ደርሳ አታውቅም ነበር፤ አለቃዋ ሲቆጣት «ልጄን ሳላበላ አልመጣም» ብላው ሥራዋን ትቀጥል ነበር። አሁንም የምትነሳው ሰሎሜን ለማሸት ትነሳበት በነበረው ሰዓት ነው፣ አልጋ ላይ መቆየት አልቻለችም፣ ድካሙም አልወጣላትም። አንዳንድ ቀን እሸኛታለሁ። ስንደርስ ዘበኛው በሩን ገና አልከፈተውም፣ ቦርሳዋን አቅፋ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቃለች።