የእናት ወገን እግር

የባለቤቴ ታላቅ እህት ስኳር አለባት። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ሐኪሙ የሚመች የስፖርት ጫማ እንድታደርግ አዘዛት፤ ጠባብ ጫማ ካቆሰላት ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ልጄ ከመርሳ ወልድያ ይዣት እሄዳለሁ አለች። እኔም ተከተልኩ፤ ለጫማው ብዬ ግን አልነበረም። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልላትም።

ልጄ ሱቁ ውስጥ ተንበርክካ ወፍራም ካልሲ አደረገችላት። «ይቁሙ፣ አክስቴ። ሲቆሙ እግር ይሰፋል፤ ተቀምጠው አይለካም።» ከረጅሙ ጣት እስከ ጫማው ጫፍ ያለውን ክፍተት በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ጠበበ ብላ መለሰችው። ሌላው ደግሞ ተረከዙ ይወልቃል ብላ መለሰችው።

«እህቴ፣ እማማ ለሩጫ ነው እንዴ የሚዘጋጁት?» አለ ባለሱቁ። አክስቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሯጭ የነበረችው ልጄ ናት። ተማሪ ሳለች በየማለዳው ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትሮጥ ነበር። ወልድያ ላይ የዞኑ ሯጮች ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ሲደርስ፣ አባቷ ጫማ ግዢላት ብሎ ለእህቱ አደራ አለ። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች በቤታችን ቃሏ አይመለስም። ልጅቷ ራሷ ሄዳ ትሞክረው ብል፣ «ተማሪ ገበያ ለገበያ ምን ያዞራታል?» አለችኝ። የእግሯን ርዝመት በክር ለክታ ሄደች። ስፋቱን ማን ይለካል?

ያመጣችው ጫማ ነጭ፣ የሚያምር ነበር። ልጄ ስታደርገው ግን ፊቷን አኮሳተረች። «ጎኑ ያዘኝ» አለች።

«ጫማው ምን ያድርግ? የእናትሽን ወገን እግር ይዘሽ መጥተሽ» አለች አክስቷ። «ይሄ እግር ነው ሰፌድ?»

ባለቤቴ ሳቀ። የእኔ ወገኖች በሐራ በኩል ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ይህን ስድብ ከሠርጌ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። አጎንብሼ የጫማውን ማሰሪያ ራሴ አጠበቅሁ። «ይለጠጣል፣ ልጄ» አልኳት። ልክ እንዲሆናት ፈልጌ ነበር።

ውድድሩ ሳይጋመስ ማነከስ ጀመረች። ጫማውን ሲያወልቁላት ካልሲው ከጣቶቿ ጋር በደም ተጣብቆ ነበር። ሳትመረጥ ቀረች። ለከርሞ ሞክሪ ስንላት «ይቅርብኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሩጫን አንስታ አታውቅም። አክስቷ አንድ ቀን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ትላለች ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። ወልድያ ድረስ የወሰደኝም ይኸው ነው።

በመጨረሻ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጥቁር ጫማ ተገኘ። አክስቷ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተራመደችበት።

«እፎይ፣ እግሬ ጫማ ማድረጉን ረሳው። አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሙያ ከየት ተማርሽው?»

ልጄ ቀና ሳትል «እንዲሁ ነው፣ አክስቴ» አለች።

«እትዬ፣ ከየት እንደተማረችውማ እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። የምሯን ነበር። ረስታዋለች።

ልነግራት አፌን ስከፍት ልጄ «እማዬ፣ ተይ። መኪናው ሳይሞላ እንሂድ» አለችኝ።

መርሳ እስክንደርስ አክስቷ ስለ እግሯ ምቾት ታወራለች፤ ልጄ ታዳምጣታለች፣ አልፎ አልፎም ትስቃለች። አክስቷን ይቅር ብላት እንደሆነ ልጠይቃት አሰብኩ። ከጠየቅኋት ግን ማሰሪያውን ስላጠበቅሁት ስለ እኔም ትመልስልኛለች። ሳልጠይቃት ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ የሚያልፈውን የማሽላ ማሳ ማየት ያዝኩ።