ተቀባይ ያጣ ሙሾ

ታንጉት የደባርቅ ሙሾ አውጪ ነበረች። ከዳባት እስከ ድብ ባሕር ሰው በሞተ ቁጥር ይላክባታል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፤ ከሟቹ የቅርብ ሰው ጎን ትቀመጥና ቀስ ብላ ትጠይቃለች። «በእጁ ምን ይዞ ነበር የሚውል? ሲደነግጥ ማንን ይጠራ ነበር?» ዕድሜ አትጠይቅም፤ ሀብትም አትጠይቅም። ግጥሙ የሚወለደው ከእነዚያ ሁለት መልሶች ነው። ጨው ጭኖ ቆላና ደጋ ሲመላለስ ለኖረ አንድ ነጋዴ እንዲህ ብላለት ነበር፦

በቅሎዋ ተጭና ከደጁ ቆማለች፣
ጌታዋ ተኝቶ ከማን ትሄዳለች?

ያን ለት ወዳጆቹ ቀርተው፣ ከሟቹ ጋር የተካሰሱትም አለቀሱ ተባለ።

በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ ግን ታንጉት ደክሟት ነበር። ጉልበቷም ደከመ፤ ጉሮሮዋም ደከመ፤ ሞትን ማሳመሩም ሰለቻት። በዚያ ዓመት ሞቱ በዛ፣ ለቅሶው ግን ተከለከለ። «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ ለተገደለ ሰው ዳስ አይጣልም፣ ደረት አይደቃም፣ ነጠላ አይዘቀዘቅም። ታንጉት ትእዛዙን ጥሳ ዳባት ላይ ለአንድ መምህር አልቅሳ ስምንት ቀን ታስራ ነበር። ስትፈታ ድምፅዋ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች።

አገርነሽ የመጣችባት በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ልጇ ክንዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ካለው በረንዳ፣ «ፀረ ሕዝብ» ብለው ከስፌት መኪናው ላይ አስነሥተው ወሰዱት፤ ከጎንደር የተመለሰው የመገደሉ ወሬ ብቻ ነው። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። አርባው ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

«እቴ ታንጉት፣ አርባው ሳይወጣ አንድ ግጥም ስጪኝ» አለች አገርነሽ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መጥታ። «ያልተለቀሰለት ሰው ደጅ ቆሞ ይቀራል ይሉ የለ? ልጄ ቆሟል፤ ይታወቀኛል።»

«ጩኸቴን ሰምተው ሁለታችንንም ይወስዱናል።»

«አትጩኺ። በጆሮዬ በይኝ፤ ለኔ ብቻ።»

ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። «በሞቴ አትቀየሚኝ። በሹክሹክታ አይመጣልኝም። እኔ ሳወጣ ሴቶቹ ዜማውን ይቀበሉኛል፤ እነሱ ሲያንጎራጉሩ ነው ቀጣዩ ስንኝ የሚመጣው። ተቀባይ ከሌለኝ ደረቅ እንጨት ነኝ። ለክንዴ በልቤ ሞክሬ ነበር፤ ክፉኛ ሞክሬ ነበር። እምቢ አለኝ።»

አገርነሽ ተነሣች። ነጠላዋን ሐዘን እንደሌለበት ሰው አጣፍታ ወጣች።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ከስሜን ተራራ የሚወርደው ነፋስ አቧራውንም ገብሱንም አንድ ላይ ያነሣል። ታንጉት ጉልበቷን ልታሳርፍ ወደ ገበያነሽ ሻይ ቤት ገባች። አገርነሽ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ሻይዋ ሳይነካ ቀዝቅዟል። መካከሉ ላይ ቢራራ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያወርደው የወታደር አጀብ እስኪመጣ ድረስ፣ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያስደምጣል።

«አስመራ ላይ አሜሪካኖቹ ጥለውት ከሄዱት ዕቃ የገዛሁት የቴፕ ክር ነው» አለ። «በዚህ ፊቱ ዘፋኝ የለበትም።»

ጊታር ነበር፤ ግን እንደሚመታ ጊታር አይደለም፤ ያቃስታል። ከሥሩ ኦርጋን እንደ ጉም ይሳባል፤ ከሩቅ አንድ ከበሮ ድም ይልና ይጠፋል። የባትሪው ድንጋይ ስላለቀ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ዳገት እንደሚወጣ በሽተኛ ይጎተታል።

«ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባ?» አለች ገበያነሽ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«አልኩሽ እኮ፣ አይገባም።»

«ምነው? አሞታል?»

«ይልቅ ስሚው። ይኼ ሊማሊሞ ማለት ነው። ጉም ሲውጥሽ፣ ፍሬን እምቢ ሲልሽ። ያ የሚያቃስተው ጎማው ነው።»

መሪጌታ ገሠሠ ከበሩ አጠገብ ሆነው ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ሁሉ ነገር ጎማ ይመስልሃል። ይህ የነፍሳት ድምፅ ነው፤ ከሲኦል ደጅ ሆነው ክፈቱልን የሚሉ።»

«እርስዎ ሄደው ያውቃሉ እንዴ፣ መሪጌታ?»

«አንድ ጊዜ። ላንተ ቦታ ልይዝልህ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ወዲያውም ጸጥ አለ። የቀበሌው ካድሬ ጓድ ያየህ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይኼ? ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጓድ» አለ ቢራራ። «ቃል የለውም።»

«ቃል የሌለውን ነው መፍራት።» ገብቶ ተቀመጠ፤ ግንባሩን ቋጥሮ አደመጠ። ሰዉ ሁሉ ፍርድ እንደሚጠብቅ ዐይን ዐይኑን ያየዋል። እሱም የሆነ ነገር ማለት እንዳለበት ገባው መሰለኝ፣ ድንገት ጠረጴዛውን መታ። «ፋብሪካ ነው! ስሙት፤ ይኼ ሞተሩ፣ ይኼ እንፋሎቱ። የወዛደሩ ድምፅ ነው። ከፍ አድርገው እንጂ!»

«ፋብሪካ! እንዴት ሳይታየኝ ቀረ ጓድ» አለና ቢራራ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ታንጉት ይህን ሁሉ ጊዜ ዐይኗን ጨፍና ነበር። ጎማም አልሰማች፣ ሲኦልም አልሰማች፣ ፋብሪካም አልሰማች። የሰማችው ሴቶችን ነው። ጊታሩ ወደ ላይ ይወጣና ይቆማል፤ በቆመበት ኦርጋኑ ያንጎራጉራል፤ ያንጎራጉርና ይጠብቃል። ተቀባዮቿ ሀያ ዓመት ሙሉ ከጀርባዋ ሆነው እንዲህ ጠብቀዋታል። የስንኙ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። የባሕር ማዶ ሰዎች ማንን እያለቀሱ እንደ ነበር እንጃ፤ ግጥሙን ለባለ ሐዘኑ ትተውለታል።

በርጩማዋን ስባ ከአገርነሽ ተጠጋች። አፏን ከጆሮዋ አደረገች።

«ሲደነግጥ ማንን ይጠራ ነበር?»

አገርነሽ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት እሷም ወደ ታንጉት ጆሮ አዘነበለች። «እኔን ነዋ። መርፌ ሲወጋው እንኳ ‹እማ!› ይላል። ያን የሚያህል ሰው!»

ጊታሩ ወጣ፤ ቆመ። ታንጉት በተሰነጠቀ ድምፅዋ ገባችበት፦

የሰውን ልብስ ሁሉ ሲሰፋ የኖረ፣
ያለ መግነዝ ሄደ ያለ ልብስ አደረ።

ኦርጋኑ ተቀበላት። ሹክሹክታዋን ከአንድ ጆሮ በቀር ማንም አልሰማም። ከበሮው ከሩቅ ድም አለ፤ ሁለተኛው ስንኝ ሳይጠራ መጣ፣ ታንጉትም እናቱን ሆና አለችው፦

መርፌ ወግቶህ እንኳ ትጠራኝ ነበረ፣
ጥይት ባገኘህ ለት ድምፅህ ተሰወረ።

አገርነሽ ደረቷን አልመታችም። በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቀረች፤ እንባዋ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ቀን የተገደበ ነበርና ማንም ሊያቆመው አልቻለም። ጓድ ያየህ ዘወር አለ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

ገበያነሽ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ ማለቅለቅ ተወች። መሪጌታ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ታንጉት ያቺን የስምንት ቀን እስር ክፍል በሐሳቧ አየቻት፤ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ድረስ መሄዱ ብቻውን አደከማት።

«ጭሱ ነው ልጄ» አለች አገርነሽ። «የፋብሪካው ጭስ።»

የሳቀ የለም። ካድሬው አገርነሽን አያት፤ ታንጉትን አየ፤ ቴፑን አየ። ክሩ ተጎትቶ ተጎትቶ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ጠፋ።

ገበያነሽ ወደ ጓዳ ገብታ ለቤቷ ያበሰለችውን የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዛ ወጣች። ያዘዛት አልነበረም። ከቀብር መልስ ለለቀስተኛ እንደሚደረገው መጀመሪያ ወደ አገርነሽ ሄደች፤ ከዚያ ዞረች። መሪጌታ ብድግ ብለው ዘገኑና፣ ሲቀመጡ፣ ጢማቸውን የሚያብሱ መስለው «እግዜር ያጥናሽ» አሉ። ልጇ ከሞተ ወዲህ አገርነሽ ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቢራራም ዘገነ፤ ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

ሳህኑ ከጓድ ያየህ ፊት ደረሰ። ንፍሮውን ትኩር ብሎ አየው። ሀገሩ እዚያው ስሜን፣ ጃናሞራ ነው፤ ንፍሮ መቼ እንደሚዘገን ሳያውቅ አልቀረም። እጁን ዘረጋ። አንድ ጭብጥ አነሣ፤ ቃመ።

«ጨው ያንሰዋል» አለና ተነሣ። በር ላይ ሲደርስ እጁ ውስጥ የቀረውን አፉ ከተተ፤ ሳይዞር ወጣ።

አገርነሽ እስኪርቅ ድረስ በዐይኗ ተከተለችው።

«ለቅሶ ደረሰ» አለች።

«ደረሰ» አለች ታንጉት። ራሷን ከግድግዳው አስጠግታ ዐይኗን ጨፈነች።