የጠገበ እሬት

ሚሊኒየሙ ሊገባ በተቃረበበት ክረምት ልጄ ሁለተኛዋን አረገዘች። የመጀመሪያው ልጇ ግን ጡት አልተውም አለ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይሮጣል፣ ይሳደባል፣ ቆጮ በጎመን ያነሳል፤ እናቱ አረፍ ካለች ግን ቀሚሷን ገልጦ መግባት ነው። እሷ ደግሞ የበላችው አይረጋላትም፤ ከስታ ከስታ የራሷ ልብስ የትውስት መሰለባት። ጤና ጣቢያም ለራስሽ ብለሽ አስጥዪው አሏት።

እኔ ጋ አስተኛነው። በሯ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ እሷ ከውስጥ ሆና ከእሱ ብሳ ታለቅስና መልሳ ታቅፈዋለች።

«እማዬ፣ ይጠላኛል» አለችኝ። ፍርሃቷ ይኸው ነበር። ከመክሳቷም ይልቅ ይህ አስጨነቃት።

እኔ ግን አልተጨነቅሁም፤ እሬት አለኛ! እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ ቅጠሉን ቆርጠው የሚንጠባጠበውን ቢጫ ፈሳሽ የጡታቸው ጫፍ ላይ ይቀባሉ፤ ልጁ አንዴ ቀምሶ ፊቱን ያዞራል። የእኔ እሬት ዲላ ውስጥ እንደ እሱ ያለ አልነበረም። ከጓሮ እንሰቱ ጥላ ሥር፣ የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት ቦታ ተክዬው፣ ፍግ እየጨመርኩለት ቅጠሉ ክንድ አክሏል። እሳት የነካው ሰው ሁሉ እየመጣ ይቆርጥ ነበርና በእሱ ልቤ ይሞላል።

ቀባናት። ልጁ መጣ፣ ጠባ። ቀና ብሎ አየንና ከንፈሩን ልሶ ተመልሶ ጠባ። ልጄ ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ወዲያው ወደ እንባ ዞረ። ሌላ ቅጠል ቆረጥኩ፣ ደግሜ ቀባኋት፣ ያው ነው። በምላሴ ብነካው ውኃ ውኃ ይላል።

ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ጎረቤቴን ጠራኋቸው። የጌዴኦ ባልቴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ከእኔ በፊት ብዙ ልጅ አሳድገዋል። አንዱን ቅጠል ቀንጥሰው የሚወርደውን አዩ፤ ዝልግልጉ ብዙ፣ ቢጫው ግን የክር ያህል። ሻሻቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

«ምን ጎድሎት ይምረር? ጥላ አለው፣ እጣቢ አለው፣ ፍግ አለው። የጠገበ እሬት ማንን ይቆጣል?»

ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ቆላው እንድወርድ ነገሩኝ፤ ድንጋይ ላይ የበቀለውን፣ ውኃ የማያድርበትን፣ ፀሐይ የመታውን ፈልጊ አሉኝ።

ውረጂ መባል ለእኔ ቅጣት አይደለም። ልጆቼ «እማዬን ጨው ግዢ ካሏት በገደብ ከተማ ዞራ ነው የምትመጣው» እያሉ ያሙኛል፤ ውሸትም የለበት። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አባያ በኩል ቁልቁል ያዝኩ። የቡናው ጥላ ከላዬ አለቀ፤ እንሰቱ ሳሳ፤ ቀጥሎ እሾኽና ጠጠር መጣ። ከገደሉ አፍ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት እሬት አገኘሁ። ከመዳፌ ብዙ አትበልጥም፤ መልኳ ቀልቷል፣ ጫፏ ደርቋል። አሳዘነችኝ። ሥሯን ሳልነካ ቅጠሏን ብቀነጥስ ቢጫው ያኔውኑ ዱብ ዱብ አለ። ቀመስኩት። ከተማ እስክገባ ምራቄን ስተፋ መጣሁ፤ መንገድ ዳር ውኃ የሰጠችኝ ሴት ፊቴን አይታ ማን እንደመታኝ ጠየቀችኝ።

ማታ ቀባናት። ልጁ መጣ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ተፋ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ጩኸቱን ትጠብቃለች። እሱ ግን አልጮኸም። ጡቷን ብዙ አየው። ከዚያ የሸሚዙን ጫፍ ይዞ ጠረገላት።

«እማዬ፣ ጡትሽ ታሟል?»

«አዎ ልጄ፣ ታሟል።»

እሷ ሲወድቅ ጉልበቱን እንደምትነፋለት፣ እሱም እፍ አለላት። ሲነጋ ለመጣው እንግዳ ሁሉ የእማዬን ጡት እንዳትነኩ፣ ታሟል እያለ ይናገር ነበር። ይጠላኛል ያለችው ልጅ አስታማሚ ሆኖላት አረፈው። ልጄም መብላት ቻለች፤ ልጅቱም በሰላም፣ ጉንጯ ሞልቶ ተወለደች።

ፈጣሪ ይመስገን። ለእትዬም ዕድሜ ይስጥልኝ። ያችን የተጠማች እሬትም አመሰግናታለሁ፤ የእኔዋ በድሎት ያጣችውን እሷ ከድንጋይ አውጥታ ሰጠችኝ። ኋላ ተመልሼ ከጎኗ የበቀለች ግልገል አመጣሁና ምሬቷ እንዳይጠፋ በተቀደደ ጣሳ ጠጠር ሞልቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። የጓሮዋም አልተነቀለች፤ እሳት ለነካው ዝልግልጓ ይበቃል። እትዬ በአጥር ብቅ እያሉ «የጣሳዋን አላጠገብሻትም?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ልጁ በኩባያ ውኃ ይዞ ወደ ጣሳዋ ሲሄድ ደረስኩበት።

«እማማ፣ ጠምቷታል» አለኝ።

እጁን ቀስ ብዬ ያዝኩት። «ተዋት የኔ ጌታ፤ እህትህ ገና እየጠባች ነው» አልኩት።