በሳሙና የተሳለች ደሴት

ሲይዙኝ ፑል እየተጫወትኩ ነበር። የቀረችኝ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ነበረች፣ እሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ። ሦስት ሰዎች ገቡና አንዱ ስሜን ጠርቶ «እንሂድ» አለኝ። «እሺ፣ ይቺን ልክተትና» አልኩት። ዱላውን ከእጄ ተቀበለኝ። እስከ ዛሬ ያቺን ጌም እንዳሸነፍኩ ነው የምቆጥረው።

ጥፋቴ ሼር ያደረግኩት አንድ ቪዲዮ ነው። እኔ እንኳን እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። እርጥብ ብርድ ልብስ፣ እግር፣ የሽንት ባልዲ። ውስጥ አስራ አራት ሰው ነበር። አዲስ ገቢ የሚተኛው ባልዲው ስር ነው። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ቦታዬን በአገጩ አሳየኝ። «ባልዲው ያንኮራፋል እንዴ?» አልኩት። ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ፈገግ አሉ።

ጋሼ እንላቸው ነበር። የታሪክ አስተማሪ ናቸው።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ደንብ ነበረ። ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ያስተምራል። አናጢው ስለ እንጨት፣ ነርሱ ስለ ኩላሊት። የጋሼ ተራ ሲደርስ ግን ካቦው ጨነቀው። ከመሀላችን አንዱ ወሬ አቀባይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የማይታወቀው ማን እንደሆነ ነው።

«ጋሼ፣ የዚህን አገር ነገር እንዳያነሱብን» አላቸው። «የጎረቤትም ይቅር።»

ጋሼ አሰቡ አሰቡና ማናችንም ዘመድ የሌለንን ጦርነት መረጡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ግሪኮች በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዛሬ ቱኒዚያ ያለችበት አካባቢ የነበሩ ካርቴጅ የሚባሉ ሰዎች፣ መሀል ባሕር ላይ ያለችውን ሲሲሊን የኔ ናት የኔ ናት እያሉ ተጋደሉ።

ጋሼ ሲሚንቶው ላይ በሳሙና ቁራጭ ሦስት ማዕዘን ሳሉ። ደሴቷ ይቺ ናት። ምሥራቁ የግሪክ፣ ምዕራቡ የካርቴጅ። መርከቡ ከቤት የሚላክልን ቆሎ ነው፤ ገብሱ ግሪክ፣ ሽምብራው ካርቴጅ። አንድ ቀን ሳላስበው የካርቴጅን ባሕር ኃይል በላሁት። ካቦው ሁለት ቀን ባልዲ አስደፋኝ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ግን ጭንቅላቴ ቀላል አይደለም። ወያላ ሆኜ ስሠራ ማን የት እንደሚወርድ፣ ማን እንደከፈለ፣ አንድም አልስትም ነበር። የጋሼንም ጦርነት እንደዛው ያዝኩት።

አንድ ጠዋት ጋሼን ለምርመራ ወሰዷቸው። ሲመለሱ ተሸክመን ነው ያስገባናቸው። እግራቸው ጫማ አልገባ አለ። ነርሱ ክንዳቸውን ይዞ ቆየና በጆሮዬ «አንዴ ከደገሟቸው አይመለሱም» አለኝ። ከዛ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቁልፍ በተንኳኳ ቁጥር ማናችንም በሩን አናይም። የምናየው የጋሼን እግር ነው። ቀልድ እጀምርና መጨረሻው ይጠፋኛል፣ እኔ!

በሦስተኛው ቀን ፍተሻ መጣ። ዘበኛው ብርድ ልብሱን በእግሩ ገፋ ሲያደርግ ደሴቷ ወጣች። አያት። ከዛ ቀና ብሎ በመስኮቷ ውጭውን አየ። ለካ ግቢው ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው። በየጥጉ የጥበቃ ማማ አለ። እኛ ደግሞ ጥግ ጥጉ ላይ ሽምብራ ትተናል።

«ማነው ይሄን የሳለው?»

ጋሼ ለመነሳት ግድግዳውን ሲይዙ አየኋቸው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጀግንነት ነው ብል ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር አፌ ነው የቀደመኝ፣ ልማዱ ነው።

ቢሮው ይሞቅ ነበር። መርማሪው ሻዩን እያማሰለ «የማምለጫው ካርታ ነው አይደል?» አለኝ።

«ሲሲሊ ናት፣ ጌታዬ።»

«የማን ሰፈር ናት?»

«ደሴት ናት። ግሪክና ካርቴጅ የተዋጉባት።»

«ካርቴጅ ምንድነው? ድርጅት ነው?»

«የድሮ ከተማ ነው ጌታዬ።»

ጻፈው። «ካርቴጅ» ብሎ ሲጽፍ አየሁት፣ ከስሩም አሰመረበት።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ከስድስት ወጣሁ።»

ብዕሩ ቆመ። «ታዲያ ይሄን ማን አስተማረህ?»

የጋሼ እግር ዓይኔ ላይ መጣብኝ። «ወያላ ነኝ» አልኩት። «ስድስት ኪሎ መስመር ላይ ነው የሠራሁት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። አንዱ ተማሪ ለጓደኛው ሲነግረው ነው።»

«እስቲ ንገረኛ።»

ነገርኩት። «አንድ ቀን የግሪክ ሰዎች መልእክተኛ ያዙ። ለካርቴጅ አለቃ ከአጋሮቹ የተላከ ደብዳቤ ይዟል። በእንዲህ ያለ ቀን ፈረሰኛ እንልክልሃለን ይላል ደብዳቤው። ግሪኮቹ በዛው ቀን የራሳቸውን ፈረሰኛ ላኩ። ካርቴጆች የኛ ናቸው ብለው በር ከፈቱላቸው። ገብተው መርከቡን በሙሉ አቃጠሉት።»

መርማሪው ማማሰሉን ተወ። «ደብዳቤውን ጠለፉት ማለት ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጎበዞች ናቸው» አለ። ከልቡ ነበር። ቀጥሎ «መጨረሻ ላይ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

ይሄን አላውቅም። ጋሼ ሳይጨርሱ ነው የወሰዷቸው። ዓይኑን አየሁት። በሱ ልብ ከሁለቱ አንዱ የኛው መንግሥት ነው፤ የቱ እንደሆነ ግን በምን ልወቀው? ግሪክ ብል? ካርቴጅ ብል?

«ተማሪው ሳይጨርስ ወረደ፣ ጌታዬ» አልኩት። «አራት ኪሎ።»

ሳቀ። ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ከዛ ተነሳና በሩን ዘጋው።

የቀረውን አልጽፈውም። በግራ በኩል ሁለት ጥርስ የለኝም። ተሰድጄ ካለሁበት ካልጋሪ ያየኝ ዴንቲስት «ሆኪ ትጫወታለህ?» አለኝ፤ እዚህ ሰው ጥርሱን የሚያጣው በሱ ጨዋታ ነው። «በጣም» አልኩት።

ጋሼን ግን አልጠሯቸውም።

ስመለስ ደሴቷን በራሴ ሸሚዝ አስጠረጉኝ። ሳሙናውንም ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት የትምህርቱ ሰዓት ደረሰ። ጋሼ እየተንፏቀቁ መጡና ባልዲው ስር፣ እኔ ቦታ ላይ ተቀመጡ። የሚያስተምሩበትን ጥግ በእጃቸው አሳዩኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«የዛሬው መምህር አንተ ነህ።»

አፌ አብጦ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። «ግሪኮች...» ከማለቴ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ልክ እንደ ተማሪ፣ አንድ ጣት። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ትምህርት ያላቸው፣ ፈቃድ እየጠየቁኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ይጠይቁ።»

«መጨረሻ ላይ ማን አሸነፈ፣ መምህር?»

«አላውቅም» አልኩ። በሕይወቴ ይሄን ቃል ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «እርስዎ ይንገሩን።»

«ሁለቱም አላሸነፉም» አሉ። «ለዘመናት ተጋደሉ። ሲዳከሙ ሮም የምትባል ሦስተኛ መጣችና ደሴቷን ወሰደቻት።»

ካቦው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። «ጋሼ» አለ፣ «ይሄ የዚህ አገር ነገር እንዳይሆን ብቻ።»

ያን ቀን አፋችንን በብርድ ልብስ ይዘን ሳቅን። ወሬ አቀባዩም፣ ማንም ይሁን ማን፣ አብሮን ሳቀ።

አሁን እዚሁ ካልጋሪ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ዌርሀውስ ነው የምሠራው፣ ዕቃ በምናነሳበት ፎርክሊፍት ላይ የሚደርስብኝ የለም። ጋሼ እንደተፈቱ ከሰው ሰምቻለሁ። ቁጥራቸው ስልኬ ላይ አለ። እስካሁን አልደወልኩም። ጀምሬ እተወዋለሁ፣ ድምፃቸው ደክሞ ቢሆንስ እያልኩ።

ጠዋት ጠዋት ከሺፍት በፊት ኢንግሊሽ ክላስ እሄዳለሁ። ቲቸሯ ልጅ እግር ናት። አስተምራ ስትጨርስ «ጥያቄ ያለው?» ትላለች። ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ሁላችንም ደክሞናል። እሷ ማርከሯን ይዛ ትጠብቃለች።

እዚህ ሰው ሙሉ እጁን ነው የሚያወጣው። እኔ አንድ ጣት አወጣለሁ። ጥያቄውን ከዛ በኋላ አስብበታለሁ።