አፍንጫ የለውም የተባለው ጠጋኝ

የሠፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ አፍንጫ የለውም ይባላል። ፊቱ ላይ ያለችው ነገር የመነጽር ማንጠልጠያ ናት አሉ። የፈሰሰ የባትሪ ድንጋይ በጣቱ ጠርጎ፣ በዚያው ጣት ምሳውን በልቶ፣ በመጨረሻ ጣቱን ይልሳል፤ ይህን ያየ ሰው ሦስት ቀን ውሃ እንኳ አልረጋለትም አሉ።

እዚህ ላይ መጠርጠር ይገባል። ምክንያቱም ሰውየው ምሳ ሲበላ ያየ የለም። ምሳ ዕቃው ጠዋት እንደተሞላ ማታ ይመለሳል። ሚስቱም "ሌላ ቤት እየበላህ ነው" ብላ ደምድማለች። ዛሬ ጠዋት፣ "አሁንም ሞልቶ ከመጣ፣ ከነዕቃህ እዚያው እደር!" ብላ ስትሸኘው አራት መንገድ ድረስ ተሰማ።

ስድስት ሰዓት ላይ እጁን ሁለቴ በሳሙና ታጥቦ ክዳኑን ሲከፍት፣ የፊት ለፊቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከተፍ አለች።

"ጋሼ፣ ማውሴ ሞታብኛለች!"

"ከምሳ በኋላ፣ ልጄ።"

"ኧረ እርስዎ ደግሞ ምን ይጸየፋሉ!" ብላ የማውሷን ሆድ ከምግቡ አጠገብ ዘረገፈችው።

ድንጋዮቹ አብጠው ፈሰዋል። ሽቦው የመግል ቅርፊት የመሰለ አረንጓዴ ነገር ለብሷል። ከሥሩ፣ ከነጥርስ ምልክቱ፣ ማስቲካ።

"ይሄስ?"

"ድንጋዩ እየላላ ሲያስቸግረኝ ደገፍኩት።"

"የታኘከ?"

"ያልታኘከ ይጣበቃል እንዴ?"

ጠጋኙ ጓንት በጓንት ላይ ደረበ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማስቲካውን በወረንጦ ሲስብ፣ ክር እየሠራ ክንድ ያህል ተከተለው። ጥጥ አቼቶ ውስጥ እየነከረ ሽቦውን ሲፈትግ ቅርፊቱ አረፋ ደፈቀ፤ እሱም ሊደፍቅ ትንሽ ቀረው። በአልኮል ወልውሎ፣ አድርቆ፣ አዲስ ድንጋይ ሲገጥም መብራቷ ቦግ አለ። ምሳ ዕቃውን ግን በክርኑ ገፍቶ ከደነው።

ልክ በዚህ ጊዜ ሚስቱ በር ላይ። የሞላውን ዕቃ አየች፤ ልጅቷን አየች።

"አሃ! የምታበላህ ይቺ ናት?"

ጠጋኙ ወረንጦውን ከነማስቲካው አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት። አፏን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች።

"እ? ከዚህ በኋላ ምሳ ይወርዳል?"

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። "እንዴ ጋሼ፣ አፍንጫ የላቸውም ሲባል..."

በሩ ላይ ወጥቶ ለመንገዱ ሁሉ ጮኸ፦

"ውሸት ነው! በዚህ ጣት በልቼ አላውቅም! ልሼም አላውቅም! አፍንጫ አለኝ! በረሃብ የፈጀኝም እሱው ነው!"